ለቲቸር ማውጫ ያልነገርኳት

ውድ ቲቸር ማውጫ፣

በስምሽ ልጠራሽ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ቀደድኩት። ስምሽን በጻፍኩት ቁጥር በዚያ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ላይ ስለ አንቺ የሰፈረው መስመር ፊቴ ድቅን እያለ እጄን ያስረዋል። ስለዚህ ልጆቹ ባወጡልሽ ስም ጠራሁሽ፤ እነሱ በፍቅር ነው ያወጡልሽ። ትምህርት ቤታችንን ከለቀቅሽ ሰባት ወር ሆነ። በእነዚህ ሰባት ወራት አንቺን ያላሰብኩበት ቀን የለም ስልሽ ናፍቆት እንዳይመስልሽ። ቅናት ነበር። ኋላ ደግሞ ኀፍረት ተጨመረበት፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ሰው ጸሎቱን እንኳ አፉ ላይ እንደሚያጣው በራሴ አየሁት።

የምነግርሽ ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል። ግን እሱን አስቀድሜ ብጽፈው ቶሎ ተናግሬ ለመገላገል የቸኮልኩ ይመስለኛል። ስለዚህ ከመጣሽበት ቀን ልጀምር።

የመጣሽ ዕለት ትልቅ ካርቶን በሁለት እጅሽ አቅፈሽ፣ ከላይ ያሉትን መጻሕፍት በአገጭሽ ደግፈሽ፣ የመምህራን ማረፊያውን በር በጀርባሽ ገፍተሽ ገባሽ። ስለ ንብ፣ ስለ ወንዝ፣ ስለ አጥንት፣ ስለ ድልድይ የሚያወሩ የልጆች መጻሕፍት ነበሩ። እኔ የቋንቋ ትምህርት ክፍል ተጠሪ ስለነበርኩ ዳይሬክተሯ ከእኔ ጋር አስተዋወቀችሽ። ገና ሳትቀመጪ ጠየቅሽኝ።

«እትዬ፣ ልጆቹ ስለ ንብ አንድ ነገር ማወቅ ቢፈልጉ መጽሐፉን ከየት እንዲጀምሩ ነው የሚያደርጓቸው?»

«ከመጀመሪያው ገጽ ነዋ! ሌላ ከየት ይጀመራል?»

ሳቅሽ። «እኔም ድሮ እንደዚያ ነበርኩ» አልሽ።

ክፋት አልነበረውም፤ አሁን አውቀዋለሁ። ያኔ ግን «ድሮ» የምትለዋ ቃል እንደ እሾህ ገባች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የለፋሁበትን በአንዲት ቃል ድሮ አደረግሽብኝ ብዬ ያዝኩብሽ።

በአንቺና በእኔ ክፍል መካከል ያለው ግድግዳ ኮምፔርሳቶ መሆኑን ታውቂያለሽ። አንድ ልጅ እዚያ ቢያስነጥስ እዚህ «ይማርህ» ይባላል። በሁለተኛው ሳምንት ያንን ጨዋታሽን ጀመርሽ። «ንብ ስንት ዓይን አላት? አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!» ትያለሽ። ከዚያ የወረቀት ኮሽኮሽታ ይሰማል። ልጆቹ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አያነቡትም። መጨረሻ ገጽ ላይ ካለው የቃላት ጠቋሚ «ዓይን» የሚለውን ፈልገው የገጹን ቁጥር ይይዙና ይከፍታሉ። «ገጽ አሥራ አራት! አምስት ናቸው!» ብለው ሲጮሁ ጣሪያው ይነቃነቃል። የእኔ ልጆች ደግሞ አንገታቸውን ወደ ግድግዳው አጣመው፣ አፋቸው የእኔን ጽሑፍ ይደግማል፣ ጆሯቸው አንቺ ጋ ነው።

«ድገሙ!» እላለሁ። ይደግማሉ። «ድገሙ!» ስሜ ቲቸር ድገሙ መሆኑን የሰማሁት በዚያው ሰሞን ነው። አንቺ ማውጫ፣ እኔ ድገሙ። አንድ ቀን ግቢው ውስጥ ሁለት ልጆች እየተሳሳቁ ሲጠሩን ሰማሁና የሰማሁ እንዳይመስልብኝ የጫማዬን ማሰሪያ ላስር ጎንበስ አልኩ። ጫማዬ ማሰሪያ የለውም ነበር።

ይህ ሁሉ ግን ይቻል ነበር። ልጄ አንቺ ክፍል ባትሆን ኖሮ ይቻል ነበር።

ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አንቺ እስክትመጪ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስላትም ነበር። አንቺ ከመጣሽ በኋላ ቤታችን ውስጥ ወሬው ሁሉ «ቲቸር እንዲህ አለች» ሆነ። አባቷ መካኒክ መሆኑን ነግሬሽ ይሆናል። ከመፍቻ ሳጥኑ ያለውን በሙሉ አውጥታ፣ በሳጥኑ በየክፍሉ ወረቀት ለጥፋ፣ ክዳኑ ላይ ማውጫ ጻፈችለት። እሱ እቴ ደስታውን አልቻለውም። «ሃያ ዓመት ሙሉ አሥራ ሦስት ቁጥር መፍቻ ስፈልግ ዕድሜዬ አለቀ! ይቺ አስተማሪ ትባረክ!» አለ። እኔ ሰሃን እያጠብኩ ነበር። ሰሃኑን ከሚገባው በላይ አጠብኩት።

ቀጥላ የቤተሰብ ፎቶዎቻችንን ይዛ ከየሥራቸው መግለጫ መጻፍ ጀመረች። በሠርጋችን ፎቶ ሥር ምን እንደጻፈች ታውቂያለሽ? «እናትና አባት። እናት የምትስቀው ካሜራ ሲኖር ነው።»

«ምንድነው ይሄ?» ብዬ ተቆጣሁ።

«እማዬ፣ መግለጫ እውነት መሆን አለበት። ቲቸር፣ የሐሰት ምስክርነት የተከለከለው በሥዕል መግለጫም ጭምር ነው ብላናለች።»

አባቷ ከት ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ እንግዲህ ካሜራ አልነበረም።

ከዚያ የወላጆች ቀን መጣ። ልጆቹ ራሳቸው የሠሯቸውን መጻሕፍት በክር ሰፍተሽ ጠረጴዛ ላይ ደረደርሻቸው። የልጄ መጽሐፍ «የእኔ ትምህርት ቤት» ይላል። ማውጫ አለው፤ የግቢው ካርታ አለው፤ ከባዶቹን ቃላት የሚፈታ ሙዳየ ቃላት አለው፤ መጨረሻው ላይም ጠቋሚ አለው። ሌሎቹ ወላጆች ከፊት ሲያገላብጡ እኔ አንቺ እንዳስተማርሻቸው ከኋላ ጀመርኩ። ራሴን ፈለግሁ። «ቲቸር ማውጫ፦ ገጽ 1፣ 2፣ 4፣ 5፣ 7፣ 8» ይላል። «እማዬ፦ ገጽ 6።»

ገጽ ስድስትን ገለጥኩ። «እማዬ ከጎናችን ባለው ክፍል ታስተምራለች። ድምጿ በግድግዳው በኩል ይሰማል።» በቃ። ይኸው ነው።

አንቺ አጠገቤ መጥተሽ «እንዴት ያለች ልጅ ነው የሰጠዎት! እግዚአብሔር ይመስገን» አልሽኝ። «አሜን» አልኩ። አሜን ስል ግን ውስጤ ሌላ ነገር ይል ነበር። ከእጄ ላይ እየወሰድሽብኝ አመስግኚ ትይኛለሽ እንዴ! ይል ነበር።

አሁን ወደዚያች ሰኞ ልምጣ።

ክፍልሽን ልታዘብ ገብቼ የኋላ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ሥራዬ ነበርና ማንም አልጠረጠረም፤ እኔ ግን ጥፋት ልፈልግ ነበር የገባሁት። ቅዱሱን መጽሐፍ አስከፍተሽ በየምዕራፉ መካከል ደመቅ ብለው የተጻፉትን ትንንሽ ርዕሶች አሳየሻቸው። «እነዚህን ማን ጻፋቸው?» ብለሽ ጠየቅሽ። ከዚያ የተናገርሽውን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «እነዚህ ርዕሶች ኋላ ላይ ሰዎች የጨመሯቸው ናቸው፤ ፈልገን እንድናገኝ ሊረዱን። እናመሰግናቸዋለን። ቃሉ ግን ከርዕሱ ሥር ያለው ነው፤ ስለዚህ ርዕሱን አይታችሁ እንዳትዘጉት፤ ግቡበት።»

ቀጠልሽና ቤቱን ጥሎ ስለሄደው ልጅና እቤት ስለቀረው ወንድሙ የሚናገረውን ምሳሌ አስነበብሻቸው። ርዕሱ ስለ አንዱ ልጅ ብቻ እንደሚያወራ አሳየሻቸውና «እናንተ ብትሆኑ ምን ርዕስ ትሰጡት ነበር?» አልሽ። የእኔዋ እጇን አወጣች።

«ቤት ቁጭ ብሎ የጠፋው» አለች። «ምክንያቱም ትልቁም ጠፍቷል፤ ቀንቶ ደጅ ቀረ።»

አንቺ አየሻት። ዓይንሽ እንባ አቀረረ። እኔ አቀርቅሬ መታዘቢያ ቅጹ ላይ ጻፍኩ። እጄ ልማድ አለበትና የሰማሁትን ሁሉ ጻፍኩ፤ ስለ ርዕሶቹ ያልሽውን ቃል በቃል፣ ከነጥቅሱ። ከሥሩ «ጥሩ ትምህርት ነው» የሚል መጨመር ነበረብኝ። አልጨመርኩም። ቅጹን አጥፌ መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት።

የቀረውን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ግን ከእኔ በኩል ስሚው። ያንቺው ተማሪ የነበረችው የልብስ ሰፊው የጋሼ የልጅ ልጅ እቤቷ ገብታ፣ አያቷ ቅዱሱን መጽሐፍ ሲያነቡ ርዕሱ ላይ ጣቷን አሳርፋ «ይሄ የእግዚአብሔር ቃል አይደለም፤ ቲቸር ናት ያለችን» አለች። ከሥሩ ስላለው አልነገረቻቸውም፤ ልጅ ናት፤ የገረማትን ብቻ ነው ይዛ የሄደችው። እሳቸው ደግሞ የትምህርት ቤቱ ቦርድ ሰብሳቢና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ደነገጡ። በሦስተኛው ቀን ተሰበሰብን። ዳይሬክተሯ፣ እሳቸው፣ ሁለት የቦርድ አባላት፣ አንቺና እኔ።

አንቺ ነገሩን አስረዳሽ። ያልሽው ሁሉ ልክ ነበር። እሳቸው «እንደዚያ ካልሽማ ጥፋት የለብሽም፤ ግን ልጅቱ ሌላ ነው ያለችው» አሉ። ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞርሽ። ፊትሽ እፎይ አለ። ያ ፊትሽ ነው የማይለቀኝ።

«እትዬ ነበሩ እኮ! እትዬ፣ እርስዎ ይንገሯቸው።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ልብ በይ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚበቃው። እኔ ግን ልጄን አሰብኩ። አንቺ ባትኖሪ ወደ እኔ ትመለሳለች ብዬ አሰብኩ። ከዚያ አፌ ተከፈተ።

«እኔ ኋላ ነበር የተቀመጥኩት። ሁሉንም አልሰማሁም። እንግዲህ ልጆች የሰሙትን ነው የሚያወሩት።»

በኮምፔርሳቶ ግድግዳ በኩል የንብን ዓይን ቁጥር የምሰማ ሴት፣ እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጬ አልሰማሁም አልኩ። ሰምቻለሁ። ሁሉንም ሰምቻለሁ። ይኸው፣ ልነግርሽ የፈለግሁት ዓረፍተ ነገር ይህ ነው።

አንቺ አልተከራከርሽም። አየሽኝና ዓይንሽን ሰበርሽ። ነገሩ እስኪጣራ ከክፍል ውጭ እንድትቆዪ ተባለ። ሳምንት ሳይሞላ መልቀቂያ አስገባሽ። ካርቶንሽን ይዘሽ ስትወጪ በመስኮት አይቼሻለሁ። መጻሕፍቱን ግን ክፍሉ ውስጥ ትተሻቸው ስለነበር ካርቶኑ ቀሎሽ ነበር።

ክፍልሽን ለእኔ ሰጡኝ። የተመኘሁትን አገኘሁ ማለት ነው፤ ልጄ ፊት ለፊቴ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ። ጨዋታሽንም ሞከርኩት። «ጉንዳን ስንት እግር አላት? አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!» አልኩ። ገጽ ገለጡ። አገኙት። «ስድስት» አሉ፤ እንደ ፈተና መልስ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። ማንም አልጮኸም። ልጄ ከሁሉም በፊት አግኝታው ዝም አለች፤ ጣቷ ቁጥሩ ላይ እንደነበር አይቻለሁ።

እቤትም «ቲቸር እንዲህ አለች» ቀረ። ብቻውን አልቀረም፤ ሌላውም ወሬ አብሮ ቀረ። ስጠይቃት «ደህና» ትላለች። «ዛሬ ምን ተማራችሁ?» ብላት «አንቺ አይደለሽ እንዴ ያስተማርሽን?» አለችኝ። እውነቷን ነው። አንቺን ሳባርር ለካ በልጄና በእኔ መካከል የነበረውን ወሬ ነው ያባረርኩት።

ባለፈው ወር የመታዘቢያ ቅጾችን ለዳይሬክተሯ ላስረክብ መሳቢያዬን ስከፍት የታጠፈው ወረቀት ወጣ። በእጅ ጽሑፌ፣ ቀኑ ተጽፎበት፣ ቃልሽ ከነጥቅሱ። ቆሜ አነበብኩት። መቅደድ እችል ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ ግማሹን ድረስ ቀድጄዋለሁ። ከዚያ የልጆች ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። «ጌታ ሆይ፣ ደክሞኛል» አልኩ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

በነጋታው ከትምህርት በኋላ ልብስ ሰፊው ሱቅ ሄድኩ። ጋሼ አንገታቸው ላይ ሜትር አንጠልጥለው የአንድ ኮት እጅጌ ይሰፋሉ። ወረቀቱን ሰጠኋቸው። የስፌት መኪናውን አቁመው መነጽራቸውን አደረጉ። የተቀደደውን ቦታ ገጥመው ሁለቴ አነበቡት።

«ይህ ያንቺ ጽሑፍ ነው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ያን ቀን አልሰማሁም አላልሽም?»

«ብያለሁ። ዋሽቼ ነው።»

«ለምን?»

መንገድ ላይ ሳዘጋጀው የመጣሁት ረጅም ንግግር ነበረኝ። ሁሉም ጠፋ። «ቀናሁ» አልኩ።

«በምን?»

«በልጄ። ልጄ ከእኔ ይልቅ እሷን ወደደች።»

መነጽራቸውን አወለቁ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ የኮቱን እጅጌ ይዘው ክሩን በጥፍራቸው ይመዙ ጀመር። በመጨረሻ «እኔም አለሁበት» አሉ። «የልጅ ልጄን፣ ሌላስ ምን አለቻችሁ? ብዬ አልጠየቅኋትም። ሰባ ዓመቴ ነው፤ ሁሉን ሳይሰሙ መፍረድ ነውር መሆኑን ለሌላ ሰው ሁልጊዜ እናገራለሁ።» ከዚያ ቀና ብለው «ልጄ፣ ለእኔ ብቻ ነግረሽ አታመልጪም። በስብሰባ የተዋሸ በስብሰባ ይነገራል» አሉኝ።

ተነገረ። በዚያው ጠረጴዛ፣ በዚያው ወንበር። ዳይሬክተሯ «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቃልሽን ያለ ማስረጃ ነበር የምቀበለው» አለች። ከስድብ ይልቅ ይህ ቆረጠኝ። ከተጠሪነት አንስተውኛል፤ ይገባኛል። ማስተማሩን ተዉልኝ።

ለልጄ ግን እኔው መንገር ነበረብኝ። አባቷ አጠገቤ ቁጭ ብሎ እጄን ይዞኝ ነገርኳት። አላለቀሰችም። «ሰምተሽ ነበር?» አለች። «አዎ።» «እኔ ያልኩትንም?» «ያንቺንም።» ተነሥታ አባቷ ጉያ ገባች። አራት ቀን ሙሉ ከእኔ ጋር የተነጋገረችው ስለ ካልሲና ስለ ቁርስ ብቻ ነው። በአምስተኛው ቀን ደብተር እያረምኩ ሳለ መጥታ ከጎኔ ቆመች።

«ቲቸር ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«እንግዲያው ጻፊላት። ሁሉንም ጻፊ፤ ያሳፈረሽንም።»

ይኸው ጻፍኩ።

ከቦርዱ የይቅርታ ደብዳቤና እንድትመለሺ የሚጠይቅ ግብዣ ይደርስሻል። የእኔ ቀድሞ እንዲላክ ለምኜ ነው፤ ከእኔ አፍ እንድትሰሚው። አሁን በምታስተምሪበት ቦታ ልጆቹ እንደሚወዱሽ ሰምቻለሁ። ላትመለሺ ትችያለሽ። ብትመለሺ ክፍልሽ ያንቺ ነው፤ መጻሕፍትሽን አንድም ሳይጎድል አስቀምጬልሻለሁ። ይቅር በይኝ እላለሁ፤ መልሱን ግን አላስቸኩልሽም። ቅናቱ ለቀቀሽ ወይ ብትይኝ አልዋሽሽም፤ አልለቀቀኝም። ዛሬ ጠዋት ልጄ ስምሽን ስትጠራ ዓይኗ ሲበራ አይቼ ያ ነገር ደረቴ ውስጥ ተነቃነቀ። ልዩነቱ፣ አሁን ስሙን ጠርቼ ለጌታ አሳየዋለሁ፤ ድሮ ለብቻዬ ነበር የምመግበው።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሌላ ትንሽ ፖስታ አለ። ልጄ ናት የጻፈችልሽ። ሁለት ቀን ፈጀባት፤ ስጽፍ አትዪኝ ብላ ክንዷን እንደ አጥር አድርጋ ነበር የምትጽፈው። ራሷ አሸገችው። ስለ እኔ ምን እንዳለችሽ አላውቅም። ፖስታው ስስ ነው፤ ወደ መስኮት ቢያነሡት ሊነበብ ይችላል። አላነሣሁትም። እንደ ሰጠችኝ ይኸው፣ እንዳለ ሰድጄልሻለሁ።

የተማሪሽ እናት